ላሊበላን በጆሮና በእግር

አብዛኞቻችን ላሊበላን የምናውቀው በዓይን ነው፤ ያውም ከላይ በተነሣ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ያየውን ሲጽፍ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። መጽሐፉ በ1540 ከታተመ ወዲህ የመጣው ጸሐፊ ሁሉ በዓይን ምስክርነት ላይ ምስክርነት ሲደርብ ኖሯል።

ቦታው ግን ለዓይን ብቻ አልታነጸም። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረውን የጨለማ ዋሻ ያለፈ ይህን ያውቃል። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፤ መብራት አይያዝበትም። እጅ ሻካራውን አለት ይዳብሳል፤ ባዶ እግር መሬቱን እየፈተነ ይራመዳል፤ ጎንበስ ያላለ ግንባሩን ይመታል። ከወዲያ ጫፍ ብርሃኑ ብቅ ሲል ሰባኪ ሳያስፈልግ ትምህርቱ ይገባል። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ካሜራ አይዘውም።

ጆሮም ድርሻ አለው። በልደት ዕለት ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ ቤተ ማርያምን ቁልቁል በሚያየው ማሜ ጋራ አፋፍ፣ ገሚሱ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። የላይኞቹ በመላእክት፣ የታችኞቹ በእረኞች ይመሰላሉ። ከበሮው ሲመታ ድምፁ ቀጥ ካለው አለት ጋር እየተላተመ ይመለሳል፤ ዜማው በሜዳ ላይ ቢዘመር ይህ ሁሉ አይኖርም። ስለዚህ ጉድጓዱ ራሱ፣ በእኔ ግምት፣ ከመዘምራኑ እንደ አንዱ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ጠበል ነው። ጠብታውን ዝም ብሎ ማዳመጥ ይበቃል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ነገው ላሊበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ፣ ቤተ ማርያምን ጨምሮ፣ ከዝናብ የሚከላከል የብረት ጥላ ተተከለ። ጥላው ራሱ ሸክም ሆኖ አለቱን ይጎዳል የሚለው የነዋሪዎች ስጋት ይታወቃል። ክርክሩ ሁሉ ግን ስለ ክብደቱ፣ ስለ ነፋሱና ስለ መልኩ ነው፤ ከሥሩ ስለሚስተጋባው ዜማ ድምፅ የሚያነሣ አይሰማም። ድምፅም ግን ተለክቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ የፓሪሱ ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይቃጠል በፊት፣ በ2013 የድምፁ ባሕርይ ተለክቶ ስለነበር፣ ባለሙያዎች ከቃጠሎው በኋላ የቀድሞውን የሚያመሳክሩበት መረጃ በእጃቸው ነበር።

የላሊበላን ጥላ ለማንሣትም ሆነ ለመለወጥ የምትመክሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ከመሐንዲሱ ጋር መሪጌታውንም ጠይቁ። በመጪው ልደት ከማሜ ጋራም ከግቢውም ድምፁን ለኩና አስቀምጡ።