ገናን ያለ ጥድፊያ ለመቀበል፦ የቤት ውስጥ ዝግጅት መቼ ይጀመር?

የገና ዋዜማ ሌሊት በብዙ ቤቶች ተመሳሳይ መልክ አለው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ልጆች ታጥበው ተኝተዋል፣ ከሩቅ የማኅሌቱ ድምፅ ይሰማል። በማድ ቤት ውስጥ ግን አንዲት ሴት ድስቱን እያማሰለች ቆማለች። ወደ ቅዳሴው ልትሄድ አስባ ነበር፤ ወጡ ግን አልደረሰም። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ነጠላዋን መልሳ ትሰቅለዋለች። በማግሥቱ እንግዳ ሲገባ እየተንጠራራች ትቀበላለች፤ ማታ ላይ ደግሞ ሁሉም ከተሸኘ በኋላ የሚቀራት የዕቃ ክምር ነው።

ይህ ድካም የበዓሉ ባሕርይ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን አብዛኛው የሚመጣው ሳምንታት ሊከፋፈሉት ይገባ የነበረው ሥራ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለሚወድቅ ነው። እያንዳንዱ የበዓል ዝግጅት የየራሱ ቀጠሮ አለው። ቀጠሮውን ለይቶ ያወቀ ቤተሰብ ዋዜማውን ለዋዜማ ሥራ ብቻ ሊተወው ይችላል።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በሁለቱም ጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ከበዓሉ በፊት ያለው ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይጀምራል። ስለዚህ ጾሙ የገባ ዕለት ዕቅዱን የሚጀምር ቤተሰብ ስድስት ሳምንት ገደማ በእጁ አለው። ለዝግጅት ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አይገኝም።

ቀድሞ የሚጠራው ጠላ ነው

ጠላ በቤት የሚጠመቅ ከሆነ ዝግጅቱ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ብቅሉ ከገበያ ካልተገዛ ገብሱ ተነክሮ፣ አቆጥቁጦና ደርቆ እስኪወቀጥ ድረስ ሳምንት ያህል ይወስዳል። ከዚያ የተወቀጠው ጌሾ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ከቀናት በኋላ ብቅሉና የተቆራረሰው ቂጣ ይገባል፤ በመጨረሻም ድፍድፉ ታፍኖ ይቀመጣል። አጠማመቁ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም በደጋው የታኅሣሥ ብርድ መፍላቱ ስለሚዘገይ ከጥንስስ እስከ ማጥለል ሁለት ሳምንት መያዝ ይበጃል። በቆላ ከዚህ ያጥራል። ጋኑን ማጠብና በወይራ ማጠን ሲጨመር፣ ብቅሉን ራሱ የሚያዘጋጅ ቤት ከኅዳር መጨረሻ አንሥቶ መነሣት አለበት ማለት ነው። ታኅሣሥ 20 ላይ የታሰበ ጠላ ለገና አይደርስም፤ ቢደርስም ጉሽ ሆኖ ነው። ጠጅም እንዲሁ ሳምንታት ይፈልጋል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ጠላውን ከጎረቤት ጠማቂ አስቀድሞ ማዘዝ ወይም ጨርሶ መተው ይችላል፤ ነውር የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጡት በርበሬና ቅቤ ናቸው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆና ተፈጭቶ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ለበዓል ሰሞን የሚተው አይደለም። ቅቤውም ከኮረሪማ፣ ከኮሰረት፣ ከበሶብላና ከአብሽ ጋር ተነጥሮ፣ ውሃው በደንብ ጠፍቶ ከተጠለለ በንጹሕና በተከደነ ዕቃ ለወራት ይቆያል። በጾሙ መካከል ከቤት ወጪ የሚቀንሱት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ናቸው። በየሳምንቱ ከእነርሱ የተረፈውን ገንዘብ ለብቻ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ የበዓሉን ወጪ በከፊል ከወዲሁ እየከፈለ ነው።

ዶሮ ወጡ

ትልቁ የዋዜማ ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዶሮ በልማድ 12 ብልት ይወጣለታል፤ ሽንኩርቱም በኪሎ የሚቆጠር፣ ደቅቆ የሚከተፍ ነው። ያለ ዘይት በለዘብተኛ እሳት ውሃውን እስኪጨርስ መቁላላት፣ ከዚያም በርበሬውን ጨምሮ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እያማሰሉ ማብሰል ሰዓታት ይወስዳል። ዶሮውን መገነጣጠል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ሌላ ግማሽ ቀን ይበላል። ሁሉም በአንድ ቀን ከተደራረበ ሌሊቱ ቢነጋ አያስገርምም።

መፍትሔው ያለው በቁሌቱ ውስጥ ነው። ሽንኩርት፣ በርበሬና ዘይት ብቻ ያለበት ቁሌት ጾም ነው። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሞ ሊሠራና በማቀዝቀዣ ሊቀመጥ ይችላል፤ በዋዜማው የሚቀረው ቅቤውን፣ ዶሮውንና መከለሻውን መጨመር ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለው። ዶሮ ወጥ የምትሠራ ጾመኛ ሴት ወጧን አትቀምስም፤ ጨውን የምትለካው በሽታና በልምድ ነው፤ አለዚያም ጾም ያልጀመረ ሕፃን ተጠርቶ ይቀምስላታል። ቁሌቱ ለብቻው ቀድሞ ሲሠራ ግን ቅመሙንና ጨውን ራሷ ቀምሳ ማስተካከል ትችላለች። ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት ከአንድ ቀን በላይ ባያስቀምጠው ይመረጣል።

ሽንኩርቱ ራሱ በመጨረሻው ሳምንት መገዛት የለበትም። የደረቀ ቀይ ሽንኩርት ነፋሻና ደረቅ ቦታ ላይ ተሰጥቶ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል፤ ከድንች ጋር ግን አይቀመጥም። እስከ መጨረሻ የሚቆየው ግዢ ዶሮና ሥጋ ነው። የቅርጫ ሥጋ የሚያስብ ደግሞ በሬውን ከመግዛት በፊት ሰዎቹን መሰብሰብ አለበት፤ ስንት መደብ እንደሚሆን፣ ማን ገንዘብ እንደሚይዝ፣ ማን ገበያ እንደሚወርድ ካልተነጋገሩ የዋዜማው ማለዳ በክርክር ያልፋል። እንጀራው ከዋዜማው በፊት ቢጋገር ይሻላል። በዚያ ዕለት ምጣዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሰካ መብራቱ ቢጠፋ ሊጡ እንዳለ ይቀራል።

ማን ምን ይሠራል?

ባለሙያ መባል የሚያኮራ ነገር ነው፤ ሆኖም ይኸው ኩራት ብዙ ሴቶችን ከእርዳታ አግዷቸዋል። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፣ ነጭ ሽንኩርት መፈልፈል፣ እንቁላል መቀቀል፣ ቡና መልቀም፣ ዕቃ ማጠብ የተለየ ሙያ አይጠይቁም። ባልም፣ ወንድ ልጅም ሊሠራቸው ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ሥራው የሚከፋፈለው ግን በዋዜማው ጩኸት አይደለም። ታኅሣሥ 20 ገደማ ቤተሰቡ አብሮ ተቀምጦ በወረቀት ላይ ከጻፈው፣ ማንም በኋላ «አልነገርሽኝም» አይልም። በዚያው ወረቀት ላይ የሚቀሩ ነገሮችም ይጻፉ። መጋረጃ መቀየርና ግድግዳ መቀባት በዓሉን ካልጠበቀ በቀር የማይደረግ ቤት አለ። እውነቱን ለመናገር፣ እንግዳ የጠላውን ቅጥነት ያስተውላል፤ የመጋረጃውን አዲስነት ግን ብዙም አያይም።

የዕለቱን ምግብ በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። እንግዳ ቀኑን ሙሉ በሚገባበት ቤት ድስቱን ሁሉ ደጋግሞ ከማሞቅ፣ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ እየቀነሱ ማሞቅ ይሻላል። በታኅሣሥ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ማደር ሕይወት ያጠፋል፤ የደረቀ ቄጠማና ሻማም አብረው አይሄዱም።

ከአገር ውጭ ላሉ

በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ ጃንዋሪ 7 መደበኛ የሥራ ቀን ነው። ልጆችም ከአዲስ ዓመት ዕረፍት ገና ወደ ትምህርት ቤት የተመለሱበት ሰሞን ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት የፈቃድ ጥያቄ ነው፤ የሥራ ባልደረቦች ለዲሴምበር 25 ዕረፍት በሚሻሙበት ጊዜ «እኔ የምፈልገው ጃንዋሪ 7ን ነው» ብሎ ቀድሞ ማሳወቅ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ያገኛል። ቀኑን ማግኘት ያልቻሉ ቤተሰቦች ማዕዱን ወደ ቀጣዩ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዛውሩታል፤ በዲሴምበር 25 ከጎረቤት ጋር የሚሰበሰቡትም ጾሙ ስላልተፈታ የጾም ምግብ ያቀርባሉ። በባሕረ ሰላጤው አገራት በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩ ብዙ ሴቶች ደግሞ የዕለቱ ዕረፍት በአሠሪያቸው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ለእነርሱም ቀድሞ መጠየቅ ከምንም ይሻላል።

ከአገር ቤት በመንገደኛ የሚመጣ ነገር የሚጠብቁ ሰዎች የሚደርሱበትን አገር ደንብ አስቀድመው ቢመለከቱ ይበጃል። የአውሮፓ ኅብረት አገራት ከኅብረቱ ውጭ የሚገቡ መንገደኞች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዳይዙ በጥቅሉ ይከለክላሉ፤ ቅቤም ከዚሁ ይመደባል። እዚያው የሚገኘውን ጨው አልባ ቅቤ ገዝቶ፣ ቅመሙን ብቻ ከአገር ቤት አስመጥቶ ማንጠር ከአየር ማረፊያ ጭንቀት ያድናል።

ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብም ቀጠሮ አለው። ታኅሣሥ 27 የደረሰ ገንዘብ የሚገዛው በመጨረሻው ሳምንት ዋጋ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ የደረሰው ግን ቅቤውንና ሽንኩርቱን ከግርግሩ በፊት ያስገባል። መጠኑን ቁርጥ አድርጎ መናገርም ያስፈልጋል፤ ተስፋ ላይ ተመሥርቶ የተገዛ በግ ብዙ ጊዜ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ዕዳው ደግሞ ጊዜ አያገኝም። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ብቻ ነው፤ ከተራው በዋዜማው ጥር 10 ይውላል፤ ለልጆች አዲስ ልብስ፣ ለእንግዳ ሌላ ማዕድ ይጠብቃል። የገናን ገንዘብ ሲመድቡ የሁለቱን በዓላት ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ገና ካለፈ በኋላ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደበቃ፣ ስንት እንጀራ እንደተረፈ፣ ጠላው በየትኛው ቀን ተጠንስሶ በየትኛው እንደተጠለለ በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ቢሰፍር፣ በሚቀጥለው ኅዳር 15 ከዜሮ መጀመር አይኖርም።