ካምቢዮው የቱ ነው? የላዳ ካምቢዮ ታሪክና መለያው



የዛሬው ንባባችን ስለ መኪና ካምቢዮ ነው። ካምቢዮ እንዴት ተጀመረ? ሁለት ካምቢዮዎች መልካቸው አንድ ሆኖ ሆዳቸው ቢለያይ፣ በምን እናውቃቸዋለን? እነዚህን ጥያቄዎች እናነሳለን። ጽሑፉን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ቁጥር ስታገኙ ቆም በሉና ደግማችሁ እዩት። የዛሬው ትምህርት ቁልፉ ቁጥር ነውና።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙን እንይ። ካምቢዮ የጣሊያን ቋንቋ ቃል ነው። ትርጉሙ «መለወጥ» ነው። ፍሪሲዮንም ከጣሊያን ቋንቋ የመጣ ነው። ትርጉሙ «መፋተግ» ነው። ስማቸው ሥራቸውን ይናገራል። ፍሪሲዮን እየተፋተገ የሞተሩን ዙር ለካምቢዮ ያስረክባል። ካምቢዮ ደግሞ ያን ዙር ይለውጠዋል።

እንዴት ይለውጠዋል? ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሾች አስቡ። ትንሹ 10 ጥርስ አለው። ትልቁ 20 ጥርስ አለው። ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው ይዞራሉ። ትንሹ 2 ጊዜ ሲዞር ትልቁ 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ፍጥነቱ በግማሽ ቀነሰ። ጉልበቱ ግን እጥፍ ያህል ሆነ። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ሲገጥመው በአንደኛ ማርሽ የሚወጣው ለዚህ ነው። እንግዲህ የካምቢዮ ጠባይ ያለው በጥርሱ ቁጥር ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

በ1891 በፈረንሳይ አገር ኤሚል ሌቫሶር የተባለ መሐንዲስ አዲስ የመኪና አሠራር አወጣ። ሞተሩን ከፊት አደረገ። ከኋላው ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮኑ ኋላ ማርሾችን አስቀመጠ። ነጂው ማርሾቹን ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ ያገናኛቸው ነበር። ጥርስ ከጥርስ ይጋጭ፣ ይንቋቋም ነበር። ቢሆንም ሥራውን ሠራ። ዛሬ በእጅ የሚለወጥ ካምቢዮ ሁሉ የዚያ ዘር ነው ማለት ይቻላል።

በ1898 ደግሞ ሉዊ ሬኖ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ሌላ ብልሃት ጨመረ። እስከዚያ ድረስ በየትኛውም ማርሽ ቢኬድ ዙሩ በጥርሶች ውስጥ ማለፍ ነበረበት። ሬኖ በላይኛው ማርሽ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን ዘንግ በቀጥታ አያያዛቸው። ሞተሩ 1 ጊዜ ሲዞር የሚወጣውም ዘንግ 1 ጊዜ ይዞራል። ሬኖ በዚያች መኪና በፓሪስ ከተማ ሩ ሌፒክ የሚባለውን ዳገት ወጣባት። ሰውም አየና ይሠራልኝ አለ። ይህን «አንድ ለአንድ» የሆነ ማርሽ አትርሱት። ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

የማርሾቹ ግጭት ግን አልቀረም ነበር። ነጂዎች ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጡ፣ ድምፁን እያዳመጡ ነበር ማርሽ የሚለውጡት። በ1928 የአሜሪካው ካዲላክ ኩባንያ የማርሾቹን ፍጥነት አስቀድሞ የሚያስተካክል ቀለበት ያለበት ካምቢዮ አወጣ። የፈጠራው ባለቤት ኧርል ቶምፕሰን ይባላል። ከዚያ ወዲህ ማርሽ መለወጥ ቀለለ።

እስካሁን ያየነው የፈረንሳይንና የአሜሪካን ሥራ ነው። አሁን ደግሞ በአገራችን መንገድ ወደምናውቃት መኪና እንምጣ። እሷም ላዳ ናት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግላለች።

የላዳ እናት ፊያት 124 ናት። ፊያት 124 በጣሊያን አገር በ1966 ወጣች። በዚያው ዓመት የሶቪየት ኅብረት መንግሥትና ፊያት ተዋዋሉ። በቮልጋ ወንዝ ዳር ቶልያቲ በምትባል ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ተሠራ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ኮሚኒስቶች መሪ ከፓልሚሮ ቶልያቲ ነው። በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ከፋብሪካው ወጡ። የመጀመሪያው ሞዴል ቁጥሩ 2101 ነው። ልብ በሉ፣ 2101 ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ የሞዴሉ ስም ነው። ለውጭ ገበያ ስትወጣ ላዳ 1200 ተባለች።

ፋብሪካው በዚያ አልቆመም። በ1976 ሞዴል 2106 ወጣ። በ1980 ግድም 2105 ተከተለ። በ1982 ደግሞ 2107 መጣ። ሞተሩ እየተለወጠ ሲሄድ የካምቢዮው ጥርስ ቁጥርም አብሮ ተለወጠ። በኋላም አምስት ማርሽ ያለው ካምቢዮ ተጨመረ። የዚህ ቤተሰብ መኪኖች በሩሲያ እስከ 2012 ድረስ ተሠርተዋል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለ አራት ማርሾቹ ካምቢዮዎች ከውጭ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ። ከአንዱ መኪና ወጥተው በሌላው ላይ ይገጥማሉ። ሆዳቸው ግን አንድ አይደለም።

እንግዲህ አንድ የታክሲ ባለቤት የካምቢዮው ማርሽ ጥርሱ ተሰበረበት እንበል። መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ይወርዳል። ሻጩ «ላዳ ያው ላዳ ነው፣ ይገጥማል» ይለዋል። ባለቤቱ አምኖ ይገዛል። ጋራዥ ሲደርስ የማርሹ ጥርስ ከባልንጀራው ጥርስ ጋር አይገናኝም። ገንዘቡ ሄደ። መኪናዋም ቆመች። መኪና በቆመ ቁጥር ደግሞ የቤት ወጪ አይቆምም።

ካምቢዮውን እንዳለ ቢለውጠውስ? ይገጥማል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። ነገር ግን የ2101ን ካምቢዮ አውጥቶ የ2106ን ቢያስገባ፣ በአንደኛ ማርሽ የሚያገኘው ጉልበት ከመቶ 14 እጅ ያህል ይቀንስበታል። ሰው ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ መኪናዋ ለምን እንደከበዳት አይገባውም። ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ያላክካል።

ታዲያ ካምቢዮውን በምን እንለየው? አራት ነገሮችን በተራ እንይ።

አንደኛ፣ ሊብሬውን አንብቡ። ሊብሬ የሻንሲንና የሞተርን ቁጥር ይነግራችኋል። ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን ካምቢዮው መኪናዋ ከተሠራች በኋላ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሊብሬው ብቻ አትፍረዱ።

ሁለተኛ፣ የማርሽ መለወጫው ጫፍ ላይ ያለውን ሥዕል አይታችሁ አትመኑ። ጫፉ ተፈትቶ የሚገጠም ነገር ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ይልቅስ መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሾቹን በእጃችሁ ቁጠሩ። በላዳ አምስተኛ ማርሽ ካለ ወደ ቀኝና ወደ ፊት ይገባል።

ሦስተኛ፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንዱ ሽፋኑ ሲቀለጥ አብሮ የወጣ፣ ጎላ ብሎ የሚዳሰስ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ የሽፋኑ የራሱ ቁጥር ነው። ስለ ውስጡ ማርሽ አይናገርም።

አራተኛውና አስተማማኙ መንገድ መቁጠር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጠመኔና ትዕግሥት ብቻ ነው። ካምቢዮው ከመኪናው ወጥቶ፣ እንዳይንከባለል በደንብ ተደግፎ መሬት ላይ ይቀመጥ። ከሞተር በኩል በሚገባው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በኋላ በኩል በሚወጣውም ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። አንድ ሰው የፊተኛውን ዘንግ በእጁ ያዙር፣ ይቁጠርም። ሌላው የኋለኛውን ይመልከት። የኋለኛው ልክ 10 ጊዜ ሲዞር አቁሙ። የፊተኛው ስንት ጊዜ ዞረ?

23 ከሆነ፣ የ2101 ዓይነት ነው።
21 ከሆነ፣ የ2105 ዓይነት ነው።
20 ያህል ከሆነ፣ የ2106 ዓይነት ነው።

አምስት ማርሽ ያለውም በሁለተኛ ማርሽ 21 ይሰጣል። እሱን የምትለዩት በአምስተኛው ነው። በአምስተኛ ማርሽ የፊተኛው 9 ጊዜ ሲዞር የኋለኛው 11 ጊዜ ያህል ይዞራል።

ተጠራጠራችሁ? እንግዲያው በአንደኛ ማርሽ ደግማችሁ ሞክሩ። አሁን የኋለኛው 12 ጊዜ ይዙር። የፊተኛው በ2101 45፣ በ2105 44፣ በ2106 ደግሞ 39 ያህል ይሆናል። ሁለቱ ቆጠራዎች ከተስማሙ ነገሩ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በአራተኛ ማርሽ አትቁጠሩ። ለምን? ሬኖ በ1898 ያወጣውን «አንድ ለአንድ» አስታውሱ። በእነዚህ ካምቢዮዎች ሁሉ አራተኛው ማርሽ ቀጥታ ነው። 10 ዙር ብታስገቡ 10 ዙር ይወጣል። ሁሉም እኩል ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም። ታሪክ ማወቅ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የት መፈለግ እንዳለብንና የት እንደሌለብን ያሳየናል።

መካኒክ እውቀት አለው፤ እሱን ማክበር ደግ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ራሳችሁ ከቆጠራችሁና በወረቀት ከጻፋችሁ፣ ወደ ሻጭ ስትሄዱ «የላዳ ማርሽ ስጠኝ» አትሉም። «በሁለተኛ ማርሽ 23 ለ10 የሚዞረውን፣ የ2101ን ስጠኝ» ትላላችሁ። በዚህ ጊዜ ማንም «ያው ነው» ብሎ አያታልላችሁም።

እስቲ ያነበባችሁትን በደብተራችሁ መልሱ።

1. ካምቢዮ ማለት ምን ማለት ነው?
2. የላዳ እናት የምትባለው መኪና ማን ናት?
3. በሁለተኛ ማርሽ የኋለኛው ዘንግ 10 ጊዜ ሲዞር የፊተኛው 21 ጊዜ ቢዞር፣ የየትኛው ሞዴል ዓይነት ነው?
4. በአራተኛ ማርሽ መቁጠር ለምን አይጠቅምም?

መልሱን ስትጨርሱ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። በሚቀጥለው ንባብ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።