«አልደረሰኝም» ማለት የቀረው ከመቼ ወዲህ ነው? የሁለቷ ራይት የዘር ሐረግ

ቴሌግራም ላይ መልእክት የላከ ሰው ከጽሑፉ ግርጌ አንዲት ራይት ያያል። መልእክቱ ከእጁ ወጥቶ ሰርቨሩ ዘንድ ገብቷል ማለት ነው። ተቀባዩ ሲከፍተው ራይቷ ሁለት ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ «አልደረሰኝም» ብሎ ነገር የለም፤ ምስክር ቆማለች። በዚህች ምስክር የተነሳ ስንቱ ጓደኛ ተቀያይሟል! ስንቱ አለቃ እሁድ ማታ «አይተኸዋል አይደል?» እያለ ሠራተኛውን አፋጥጧል! ስንቷ ፍቅረኛ አኩርፋለች!

ብዙ ሰው ይህች ምስክር ከስማርት ስልክ ጋር የተወለደች ይመስለዋል። ታሪኳ ግን ከዚያ ይቀድማል። ተራ ሰው ኪሱ ውስጥ በሚይዘው ዕቃ ላይ «ሄደ፣ አልሄደም» የሚሉ ምልክቶችን ማንበብ ከተማረባቸው የመጀመሪያ መሣሪያዎች አንዱ ዛሬ ተረስቷል። እሱም ባለሁለት አቅጣጫ ፔጀር ነው፤ መስማት ብቻ ሳይሆን መመለስም የሚችል ፔጀር። የዚህን መሣሪያ ሜኑና ምልክቶች መለስ ብሎ ማየት ዛሬ በየስልካችን ላይ የምንጣላበትን ነገር ለመረዳት ይጠቅማል።

▪️ የነጋሪት ዘመን

ፔጀር ሲጀመር ጆሮ እንጂ አፍ አልነበረውም። አል ግሮስ የተባለው ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1949 የፓተንት ባለቤት ሆነ፤ በማግስቱ ዓመት መሣሪያው በኒውዮርክ የአይሁድ ሆስፒታል ሐኪሞችን መጥሪያ ሆኖ ሥራ ጀመረ። (ከዚህ በታችም ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ፔጀር» የሚለው ስም ከሞቶሮላ የመጣ ሲሆን ጊዜውም 1959 ነው። እስከ 1994 ድረስ በዓለም ላይ ከ61 ሚሊዮን በላይ ፔጀሮች በሥራ ላይ ነበሩ።

አሠራሩ ከድሮው አዋጅ ነጋሪ ጋር ይመሳሰላል። ነጋሪው የሚፈልገው ሰው ገበያው ውስጥ የት እንደቆመ አያውቅም። ስለዚህ ነጋሪት አስጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። የፔጀር ኔትወርክም እንዲሁ ነበር። ባለቤቱ የት እንዳለ ስለማያውቅ አንዱን መልእክት በአገልግሎት ክልሉ ባሉት ማማዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስተጋባል። እያንዳንዱ ፔጀር ሁሉንም ይሰማል፤ የራሱ መለያ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ይጮኻል። መልስ ግን አይሰጥም። መስጫም የለውም።

ይህ አሠራር ሁለት ገጽ ነበረው። በአንድ በኩል ሐኪሙ የሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ከነበረ ወይም የባትሪው ድንጋይ ካለቀ ጥሪው በከንቱ ይቀራል፤ በሽተኛው ግን ይጠብቃል። ላኪውም መድረሱን የሚያውቅበት መንገድ የለም። በሌላ በኩል የፔጀሩ ባለቤት የትም ይሁን የት ማንም አያገኘውም። «አልደረሰኝም» ቢል ሐሰት ነው ብሎ የሚከራከረው መሣሪያ የለም። አምኖ መቀበል የግድ ነው።

▪️ ለምን አፍ ተሰጠው?

ፔጀሩ መልስ እንዲሰጥ ያስፈለገው ሰውን ለመሰለል አልነበረም። ዋናው ምክንያት ቁጠባ ነው። አንድን መልእክት ለአንድ ሰው ለማድረስ አገሩን ሁሉ ማስተጋባት የሬዲዮ ሞገድ ማባከን ነው። ፔጀሩ «እዚህ ነኝ» ካለ ግን መልእክቱን በአቅራቢያው ካለው ማማ ብቻ መላክ ይቻላል። ያው ሞገድ በዚያው ሰዓት በሌላ ከተማ ሌላ ሰው ያገለግላል።

ሞገዱ ደግሞ ውድ ዕቃ ነበር። በሐምሌ 1994 የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት የሚውሉ አገር አቀፍ ፈቃዶችን በጨረታ ሲሸጥ 617 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሞገድ ጨረታም ይኸው ነበር። ይህን ያህል የከፈለ ኩባንያ ሞገዱን ቆጥቦ መጠቀም ነበረበት።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1995፣ ስካይቴል የተባለው ኩባንያ የሞቶሮላን ታንጎ ይዞ ወጣ። ታንጎ ኪቦርድ አልነበረውም። ባለቤቱ መልስ የሚሰጠው አስቀድመው ከተዘጋጁ አጫጭር መልሶች አንዱን መርጦ ነው። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነበር። ባለቤቱ ገና ከኪሱ ሳያወጣው፣ ፔጀሩ ራሱ በዝምታ ለኔትወርኩ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ባለቤቱ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ከሆነም ኔትወርኩ መልእክቱን አስቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ሲመለስ ያስረክበዋል። የጠፋ መልእክት ጉዳይ በዚህ ተፈታ ማለት ይቻላል። «አልደረሰኝም» የሚለው መልስም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚያስተባብለው ማስረጃ አገኘ።

▪️ በአውራ ጣት የሚነበብ ሜኑ

ነገሩን ወደ ሙሉ ጽሑፍ የወሰደው ዋተርሉ በተባለች የካናዳ ከተማ የሚገኝ፣ ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለ ኩባንያ ነው። በ1984 ማይክ ላዛሪዲስና ዳግላስ ፍሬጊን የመሠረቱት ይህ ድርጅት በ1996 ተከፋች የሆነውን ኢንተራክቲቭ ፔጀር 900ን አስተዋወቀ። በ1998 ደግሞ መዳፍ ውስጥ የሚገባው 950 ተከተለ። ይህኛው ሙሉ የፊደል ኪቦርድ ነበረው። ኃይል የሚሰጠው የግድግዳ ሰዓት ላይ የምትገባዋ አንዲት የባትሪ ድንጋይ ስትሆን እሷም ለሳምንታት ትቆያለች።

አሠራሩን ለመረዳት በቀኝ ጎኑ ያለችውን መዘውር ማወቅ በቂ ነበር። መዘውሯን በአውራ ጣት ማሽከርከር ስክሪኑ ላይ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይወስዳል። ወደ ውስጥ መጫን የተመረጠውን ይከፍታል። መልእክት ተከፍቶ እያለ እንደገና ሲጫኑት ሜኑ ይወርዳል፦ መልስ፣ ለሌላ አስተላልፍ፣ ሰርዝ። ከመዘውሯ በታች ያለችው ቁልፍ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ማሽከርከር፣ መጫን፣ መመለስ፣ በቃ። በሁለት አውራ ጣት መጻፍንም ብዙ ሰው የለመደው በዚህ ኪቦርድ ነው።

ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ስለ መሣሪያው ይናገራሉ። የባትሪው ሥዕል ስንት ኃይል እንደቀረ፣ የሲግናሉ ደረጃ ደግሞ ኔትወርኩ ምን ያህል እንደሚሰማ ያሳያል። ሁለተኛዎቹ ስለ መልእክቱ ናቸው። የተዘጋ ፖስታ ያልተነበበ ነው፤ የተከፈተ ፖስታ የተነበበ። ከተላከው ጎን ትንሽ ሰዓት ካለች መልእክቱ ተራ እየጠበቀ ነው፣ ገና አልወጣም። ራይት ካለች ወጥቷል። ኤክስ ካለች አልተሳካም፣ እንደገና ይላክ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የምልክቶቹ ቋንቋ ቁጥብ ነበር። ራይቷ የምትለው «ከእጅህ ወጥቷል» ብቻ ነው። «አንብቦታል» አትልም። «መልስ ሊሰጥህ ይገባል» ደግሞ ጭራሽ አትልም። መውጣት፣ መድረስ፣ መነበብና መመለስ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላው በዋናው ስክሪን ላይ የነበረ ምርጫ ነው። በዚህ ቤተሰብ መሣሪያዎች ላይ ዕቃውን ጨርሶ ከማጥፋት የተለየ፣ ሬዲዮውን ብቻ የሚያጠፋ ምልክት ነበር። ይህን የመረጠ ሰው የመጡለትን ያነባል፣ መልስም ጽፎ ያስቀምጣል፤ ለኔትወርኩ ግን የለም። አውሮፕላን ላይ ለሚሳፈር ሰው የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከዚያም ባለፈ፣ መሣሪያውን ሳይጥል ዝም ማለት ለሚፈልግ ሰው በር ነበር።

በጥር 1999 ይኸው ኩባንያ ብላክቤሪ የሚለውን ስም አወጣ። የመጀመሪያው ብላክቤሪ፣ 850፣ ከፔጀሩ ብዙም የማይለይ ሆኖ ኢሜይል ሳይጠሩት የሚመጣበት ዕቃ ነበር። በ2005 በመጣው የብላክቤሪ ሜሴንጀር ላይ ደግሞ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ከራይቷ ጋር ተጨመሩ፤ «ዲ» ደርሷል፣ «አር» ተነቧል። ድንበሩ የተሻገረው እዚህ ላይ ነው። ምስክሯ ስለ መልእክቱ መናገሯን ትታ ስለ ሰውዬው መናገር ጀመረች።

▪️ ማን ተጠቀመ?

ይህን ታሪክ እንደ ኪሳራ ብቻ መቁጠር ግን ግፍ ነው። በአሜሪካ ባለሁለት አቅጣጫ ፔጀርን ቀድመው ካቀፉት መካከል መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይገኛሉ። ከዚያ በፊት የነበራቸው የጽሑፍ ስልክ፣ ራሱም መስማት የተሳነው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዋይትብሬክት በ1964 ያስጀመረው፣ ከስልክ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ፔጀሩ ግን ኪስ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ መንገድ ላይ መልስ ያስጽፋል። ሌላው ሰው እንደ ቅንጦት ያየውን እነሱ እንደ ነጻነት ተቀበሉት።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ ዘመን ስንለውጥ፣ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ሲጠቁ የስልክ መስመሮች ተጨናነቁ። ብላክቤሪ የያዙት ግን መጻጻፍ ችለው ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለአባላቱ ይህንኑ መሣሪያ አደለ።

የዚያኑ ቀን ሌላ ነገርም ታየ። ዊኪሊክስ በኅዳር 2009 በዚያን ዕለት አካባቢ በፔጀር የተላለፉ ከ500,000 በላይ መልእክቶችን አወጣ። የነጋሪት ባሕርይ ነው፤ የሚሰማውን ሰው ቦታ ይደብቃል፣ ቃሉን ግን ለሁሉም ይሰጣል። ስለዚህ የድሮው ፔጀር የምስጢር ዕቃ ነበር የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው።

▪️ ወደ ኋላ የተመለሱት

ይህ ግማሽ እውነት በቅርቡ ብዙ ደም አፍስሷል። በየካቲት 2024 የሂዝቦላህ መሪ ሐሰን ነስረላህ ተዋጊዎቹ ሞባይል ስልክ እንዲጥሉ በይፋ ተናገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስልክ መልስ ይሰጣል፤ መልስ የሚሰጥ ሁሉ ቦታውን ይናገራል። ድርጅቱ የታመነው በአንድ አቅጣጫው ፔጀር፣ በጆሮ ብቻው መሣሪያ ነበር።

መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም. እነዚያ ፔጀሮች በመላው ሊባኖስ በአንድ ጊዜ ፈነዱ። ውስጣቸው ፈንጂ ተቀብሮ ነበር። በዚያን ዕለት ብቻ ሁለት ሕፃናትን ጨምሮ ቢያንስ 12 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,700 በላይ ቆሰሉ። ከቆሰሉት ብዙዎቹ የተጎዱት ዓይናቸውና እጃቸው ላይ ነው፤ ጥሪ መጣ ብለው መሣሪያውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ነበርና። ከሁለት ወር በኋላ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ዘመቻውን ያጸደቁት እሳቸው መሆናቸውን አመኑ።

ወደ ድሮው ዕቃ መመለስ ከአንዱ አደጋ ሸሽቶ ለሌላው መጋለጥ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። መልስ የማይሰጥ መሣሪያ ቦታን ይሰውራል፤ የሠራውንና የሸጠውን ሰው ግን ታማኝ አያደርግም።

▪️ ታዲያ ምን ይሻላል?

ወደ ነጋሪት ዘመን መመለስ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ሐኪሙ ጥሪው እንደደረሰው መታወቅ አለበት። መስማት የተሳነው ሰው መልስ የመጻፍ መብት አለው። የሚያስፈልገው የዚያ አሮጌ ፔጀር ምልክቶች ያከበሩትን ልዩነት መመለስ ነው።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ግሩፕ ተከፍቶ፣ ሁለቷ ራይት እንደ ፊርማ ትቆጠራለች። አለቃው ማታ 4 ሰዓት የላከውን ያየ ሠራተኛ ትእዛዝ ተቀብሎ ዝም እንዳለ ይታሰባል። ራይቷ ግን ይህን አላለችም። መሣሪያው የመሰከረው ስክሪኑ መከፈቱን ብቻ ነው። ያነበበው ሰው ሹፌር ሊሆን ይችላል፣ ልቅሶ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ወይም መልሱን እያሰበበት ሊሆን ይችላል። ከመድረስ ወደ ግዴታ የዘለልነው እኛ ነን።

ዋትስአፕ ሰማያዊውን ራይት ማጥፋት ይፈቅዳል። ቴሌግራም መጨረሻ የታየንበትን ሰዓት መደበቅ ይፈቅዳል። ሁለቱም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለሚፈልግ ሰው የተቀመጡ ናቸው። በ1990ዎቹ ፔጀር ላይ ግን ሬዲዮውን የሚያጠፋው ምልክት ከመልእክት ሳጥኑና ከአድራሻ ደብተሩ ጋር በዋናው ስክሪን ላይ፣ አንድ የመዘውር እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው አምራቹ ነው፤ ማታ 4 ሰዓት የተላከ መልእክት እስከ ጠዋት ይጠብቅ ማለት ግን የአለቃውም የሠራተኛውም ፈንታ ነው። ለዚህ ሶፍትዌር እስኪታደስ መጠበቅ አያስፈልግም።