ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአጥቂነት እስከ አሰልጣኝነት

ይድነቃቸው ተሰማ ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንትነታቸው ነው። ጎል አስቆጣሪነታቸው በሁለት መስመር ይታለፋል፤ አሰልጣኝነታቸውም በአንድ ዋንጫ ይጠቃለላል። ይህ አከፋፈል ሰውየውን ያሳንሳል ባይ ነኝ። ማሊያ ለብሰውም፣ ቡድን ይዘውም፣ ጉባኤ መርተውም የደከሙት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ አፍሪካዊው ከማንም ጋር በእኩል ደንብ እንዲጫወት።

የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ተመሥርቶ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ፤ ከተማዋንም በዘር ከፋፈላት። የክለቡ ወጣት አጥቂ የይድነቃቸው ጉልበት የጠነከረው በዚያ ዘመን ነው። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የጊዮርጊስ ተጋጣሚዎች የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። የሀገሬው ልጆች በገዛ ከተማቸው ከአምስት ቡድኖች የአንዱ ብቻ ባለቤት ነበሩ ማለት ነው። ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳስቆጠሩ በሕይወት ታሪካቸው ይጠቀሳል። «ዘመኑ የአማተር ነው፣ ተከላካዩም ደካማ ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቁጥሩን ከዛሬ ሊግ ጋር ማወዳደር አይገባም። ነገር ግን የእነዚያ ጎሎች ክብደት ከተከላካዩ ጥንካሬ ይልቅ በዚያ ሜዳ ላይ ማን ማንን ረታ በሚለው ይለካል።

አሰልጣኙን የሚያሳየን የጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም የተሰለፈችው ግብፅ የቀደሙትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደች ናት። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቴም አቻ ሆነች፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ተሳታፊዎቹ አራት ብቻ ስለነበሩ፣ ጨዋታውም በሜዳችን ስለነበር ድሉን የሚያቃልሉ አሉ። ሁለት ጨዋታ ብቻ እንደበቃን አልክድም። ሆኖም ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቴ መመለስ በደጋፊ ጩኸት ብቻ አይገኝም፤ ያልተበተነ ቡድን ይጠይቃል። የቡድኑን ስብጥር ልብ በሉ፦ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባት በኤርትራ የተወለዱ፣ መንግሥቱ ደግሞ የጎንደር ልጅ። ወረራው ካበቃ ከ21 ዓመት በኋላ የይድነቃቸውን ቡድን የመራው ሰው ስሙ ጣሊያንኛ ነበር። በወረራው ዘመን ለተጫወተ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

የካፍ ሥራቸውም የዚሁ ቀጣይ ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ አራት አገሮች ካፍን ሲመሠርቱ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች፤ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ የራሷን ቦታ ሲነፍግ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተሟገቱ፤ አህጉሩም ከውድድሩ ራሱን አገለለ። ለቀጣዩ ዋንጫ ቦታው ተሰጠ። «ያን ያመጣው የነፃነት ዘመን ፖለቲካ ነው» ለሚሉ መልሴ አጭር ነው፦ የካርቱሙ ጉባኤ ሲካሄድ አብዛኛው አፍሪካ ገና ነፃ አልወጣም ነበር።

ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ሁሉንም ዜጎቿን ይዛ ወደ ፊፋ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።