ዕንቁ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛው ዕንቁ ከባሕር የሚወጣው ነው፤ ግእዙ «ባሕርይ» የሚለው፣ የባሕር እንስሳ በዛጎሉ ውስጥ የሚሠራው። የወገል ጤናው ኦፓል ደግሞ በወሎ፣ ከደላንታ ገደል ተቆፍሮ ይወጣል፤ እሱንም ዕንቁ እንላለን። ይህን የቃሉን ስፋት እወደዋለሁ። ድንጋይ ለሚሰበስብ ሰው ግን ጠበብ ያሉ ቃላትም ያስፈልጉታል።

ዓለት ብዙውን ጊዜ የልዩ ልዩ ማዕድናት ቅልቅል ነው። ማዕድን የታወቀ ውህደትና ሥርዓት ያለው የአተሞች አደራደር አለው። ዕንቁ ግን የሳይንስ ምድብ አይደለም፤ ሰው ለውበቱ መርጦ፣ ብዙ ጊዜም ቀርጾና ወልውሎ የሚያከብረው ነው። ለዚህ ከኦፓል የተሻለ ምስክር አላውቅም። የአተሞቹ አደራደር ሥርዓት ስለሌለው በጥብቅ ትርጉሙ ማዕድን እንኳ አይባልም፤ ዕንቁነቱን የሚጠራጠር ግን የለም። በላዩ የሚጫወቱት ቀለማት የሚፈጠሩት በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ድብልብሎች እኩል ተደርድረው ብርሃኑን ሲከፋፍሉት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው የወገል ጤናው ኦፓል በተለይ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይመጥጣል። ሲርስ ቀለሙ ይደበዝዝና ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ዘይትና ሽቶም እንደ ውሃው ሊሰርጉበት ስለሚችሉ፣ ቀለበት አድርጋችሁት ከሆነ ቅባት ከመቀባታችሁ በፊት አውልቁት።