ከወደቡ ኮንቴይነር እስከ ቤት ኮምፒውተር

በጅቡቲ ወደብ የተደረደሩትን የብረት ሣጥኖች ብዙዎቻችን አይተናል። ታሪካቸው የጀመረው በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው። አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን 58 ሣጥኖችን በአንድ መርከብ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ዕቃው ሳይፈታ ከመርከብ ወደ መኪና መዛወሩ የዓለምን ንግድ ለወጠው። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናልም በ2009 ተመረቀ።

የኮምፒውተር ሰዎችም ሐሳቡን ወሰዱት። በ2013 የወጣው ዶከር ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ እንደ ሣጥን አሽጎ ከማሽን ወደ ማሽን ማዛወርን አቀለለ። በ2014 ጎግል ይፋ ያደረገው ኩበርኔቲስ ደግሞ ብዙ ማሽኖችን ያስተባብራል፤ አንዱ ቢበላሽ ሥራውን በሌላው ላይ ያስነሳል። ስሙም በግሪክኛ የመርከብ መሪ ማለት ነው። ዛሬ ሁለት ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር በቤቱ አገናኝቶ ይህን የሚሞክር ብዙ ነው።

ታዲያ ለኛ ምናችን ነው? በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ ኬብሎች ሲቆረጡ ኢንተርኔት በብዙ አገር ተዳክሞ ነበር። ኮሊብሪን የመሰለ የትምህርት ፕሮግራም ግን መጻሕፍቱ አንዴ ከተጫኑበት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኬብል ቢቆረጥም ትምህርት አይቆረጥም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አንርሳ፦ ፕሮግራሙ በሌላ ማሽን ቢነሳም ቅጂ የሌለው ፋይል ከተበላሸው ዲስክ ጋር ይጠፋል። እንግዲህ የተማሪዎቻችንን ማስታወሻና ውጤት ዛሬውኑ በሌላ ዲስክ እንገልብጥ።