ደረሰኝ የሌለው ድምር፦ የኬንያ ምርጫዎች ከ1988 እስከ 2022

የ2000 ዓ.ም. ገና ናይሮቢ ላይ አገኘን። ኢስሊ ውስጥ ሱቁን ቆልፈን ቤት ተቀምጠናል። ለበዓሉ ብለን በሞያሌ በኩል ያስገባነው በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ቀሚስ እንደታሰረ ነው። ገዢ የለም፣ መንገድም የለም፤ ከማታሬ በኩል ጭስ ይታያል። ዶሮ የሚሸጥ ስላጣን ገናን በምስር ወጥ ዋልን። አንዷ እህታችን ለአንድ ጅምላ ነጋዴ ቀብድ ሰጥታ ነበር። ሰውየው ዘመዶቹን ከሪፍት ቫሊ ሊያወጣ ሄዶ ሱቁ ሁለት ወር ሙሉ ሳይከፈት ቀረ። ቀብዱን በኋላ መልሶላታል፤ የበዓሉ ገበያ ግን አልተመለሰም።

በዚያ ምርጫ ድምፅ አልሰጠንም። አገሩም የእኛ አልነበረም። ዕዳው ግን እኛም ቤት ገባ።

ኬንያ በ2027 እንደገና ትመርጣለች። አዲስ የገቡት ወጣት ነጋዴዎች «ምርጫ ሲቃረብ ለምንድን ነው ሸቀጥ የምትቀንሱት? ለምንስ ዱቤ ትከለክላላችሁ?» ይሉናል። መልሱ ከታሪክ ነው የሚገኘው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ ከሥሩ እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አጭሩ ሰልፍ ሲያሸንፍ

ኬንያ በዲሴምበር 1963 ነፃ ወጣች። በ1969 ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ታገደ፤ በ1982 ደግሞ ከካኑ ሌላ ፓርቲ እንዳይኖር በሕግ ተደነገገ። ምርጫ አልቀረም፤ ነገር ግን ሁሉም ተወዳዳሪ የአንድ ፓርቲ ሰው ሆነ።

በ1988 ካኑ ዕጩዎቹን የሚለይበት አዲስ ዘዴ አመጣ። ኬንያውያን «ምሎሎንጎ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ ሰልፍ ማለት ነው። መራጩ በግልጽ፣ ሁሉ እያየው፣ ከሚደግፈው ዕጩ ወኪል ጀርባ ይሰለፋል። ከዚያ ሰልፉ ይቆጠራል። ከመቶ 70 በላይ ያገኘ ሰው ምስጢራዊ ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ እዚያው አለፈ ይባላል። በብዙ ቦታ ረጅሙ ሰልፍ እያለ የአጭሩ ሰልፍ ሰው አሸነፈ ተብሎ ተነገረ።

ከመካከላችን ኮሜርስ የተማርን አለን። የመጀመሪያው ትምህርት ማስረጃ የሌለው ሂሳብ ሂሳብ አይደለም የሚል ነበር። ምሎሎንጎ ወረቀትም ኮሮጆም የለውም። ቆጠራው ሲያበቃ ሰልፉ ይበተናል፤ የተበተነ ሰልፍ ደግሞ ተመልሶ አይቆጠርም። ቅር ያለው ሰው ምን ይዞ ይከራከራል?

በ1990፣ ጁላይ 7 ቀን፣ ሕዝቡ «ሳባ ሳባ» በሚለው ሰልፍ አደባባይ ወጣ። የአገር ውስጡ ግፊትና የእርዳታ ሰጪዎቹ ጫና ተደምሮ በዲሴምበር 1991 የአንድ ፓርቲ ሕጉ ተሰረዘ። በ1992ና በ1997 ብዙ ፓርቲዎች ተወዳደሩ። ተቃዋሚዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉና ፕሬዚዳንት ሞይ መጀመሪያ ከመቶ 36፣ ቀጥሎ ከመቶ 40 ገደማ ይዘው አሸነፉ። በእነዚያ ዓመታት ሪፍት ቫሊ ውስጥ በብሔረሰብ የተለየ ግጭት ተነስቶ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙው ከመሬቱ ተነቀለ። የዚያ ጊዜ ቂም ሳይሽር ወደ 2007 ተሻገረ።

የመብላት ተራ

ለምን እንዲህ ይጋጋላል? በዚያ ዘመን በኬንያ ሁሉ ነገር በፕሬዚዳንቱ እጅ ነበር። መሬት፣ ሹመት፣ መንገድ፣ የመንግሥት ጨረታ፣ ሁሉም ከላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሰው «አሁን የእኛ የመብላት ተራ ነው» ይላል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ያደግን ነን። ሽንፈት አምስት ዓመት ጾም ከሆነ፣ በጸጋ የሚቀበለው ጥቂት ነው።

በ2002 ግን ሌላ ነገር አየን። ተቃዋሚዎቹ ተባብረው ምዋይ ኪባኪን አቀረቡ፤ ኪባኪ ከመቶ 62 ገደማ አገኙ። ተሸናፊው ኡሁሩ ኬንያታ ሽንፈቱን ተቀበሉ፣ ሞይም ሥልጣኑን አስረከቡ። አገሩ ደስታ በደስታ ሆነ። በሳሙኤል ኪቩይቱ የሚመራው የምርጫ ኮሚሽንም ተመሰገነ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ የወደቀውም ይኸው ኮሚሽን፣ በእኚሁ ሰብሳቢ እየተመራ ነው። ታዲያ በ2002 ሂሳቡ ንጹሕ ነበር ማለት ነው? አይመስለንም። ትርፉ ብዙ ሲሆን ጉድለት አይታይም። ሱቅ የያዘ ሰው ያውቀዋል፦ ገበያ በሞላበት ወር ከመሳቢያው ትንሽ ቢጎድል ማንም አይጠይቅም። ገበያ ሲጠብ ነው መዝገብ የሚገለጠው።

ዲሴምበር 2007

በ1997 ፓርቲዎቹ በስምምነት የኮሚሽኑን አባላት በጋራ መጠቆም ጀምረው ነበር። ከ2007ቱ ምርጫ በፊት ግን ፕሬዚዳንት ኪባኪ ተቃዋሚዎችን ሳያማክሩ አዳዲስ አባላትን ሾሙ። ዳኛውን አንዱ ወገን ብቻውን ሲመርጥ፣ ዳኛው ሐቀኛ ቢሆን እንኳን የሚያምነው የለም።

ዲሴምበር 27፣ ማለትም ታኅሣሥ 17 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ በሰላም ተሰልፎ መረጠ። የፓርላማው ውጤት ቶሎ ቶሎ መጣ፤ ብዙ ሚኒስትሮች ወንበራቸውን አጡ። የፕሬዚዳንቱ ግን ዘገየ። መጀመሪያ ራይላ ኦዲንጋ በሰፊው ሲመሩ ነበር፤ ከዚያ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ከአንዳንድ ምርጫ ክልል ወረቀቱ አልደረሰም፤ ኃላፊዎቹም ስልካቸውን አያነሱም ተባለ። እኛ የአገራችንን የ1997 ዓ.ም. ምርጫ አይተን የመጣን ነን። ውጤት ሲዘገይ በሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚገላበጥ እናውቃለን።

ዲሴምበር 30 ኪቩይቱ ውጤቱን አነበቡ፦ ኪባኪ 4,584,721፣ ኦዲንጋ 4,352,993። ልዩነቱ 231,728 ድምፅ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ምሽት፣ ኪባኪ በቤተ መንግሥት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የቀጥታ ስርጭት ታገደ። ከቀናት በኋላ ራሳቸው ኪቩይቱ ኪባኪ ማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ድምሩን ያነበበው ሰው ድምሩን አላመነውም።

የተከተለውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 በኤልዶሬት አቅራቢያ ኪያምባ በምትባል ቦታ ሰዎች የተጠለሉባት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በወሩ መጨረሻ ናኩሩና ናይቫሻ ላይ የበቀል ግድያ ሆነ። መንግሥት ያቋቋመው የዋኪ ኮሚሽን 1,133 ሰው መሞቱን መዘገበ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል በጥይት የተገደለ ነው። ሴቶች ላይ የደረሰውንም ጥቃት ሪፖርቱ በሰፊው ጽፎታል። ከቤቱ የተፈናቀለው ብዙ መቶ ሺህ ነው።

የንግዱ መንገድም ተቆረጠ። ከሞምባሳ ተነስቶ በናይሮቢ፣ በናኩሩና በኤልዶሬት አድርጎ ማላባ የሚደርሰው መንገድ የኡጋንዳ፣ የሩዋንዳ፣ የቡሩንዲና የምሥራቅ ኮንጎ ጉሮሮ ነው። ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ዘጉት፤ ኪቤራ ላይ የባቡሩን ሐዲድ ነቀሉት። ካምፓላ ቤንዚን ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ወጣ። የጭነት መኪናዎች በፖሊስ ታጅበው መሄድ ጀመሩ። የአንድ አገር የድምር ስህተት አምስት አገር አስራበ።

ኮፊ አናን መጥተው ሁለቱን ወገኖች ከአንድ ወር በላይ አነጋገሩ። ፌብሩዋሪ 28 ተፈራረሙ፤ ኦዲንጋም በኤፕሪል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ደሙ ቆመ። ጥያቄው ግን ቀረ፦ ለመሆኑ ማን ነው ያሸነፈው?

ኦዲተሮቹ ያገኙት

ይህን እንዲያጣራ በደቡብ አፍሪካዊው ጡረተኛ ዳኛ በዮሐን ክሪግለር የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። መልሱም ማወቅ አይቻልም የሚል ሆነ። የመራጮች መዝገብ ላይ 1.2 ሚሊዮን ያህል የሞቱ ሰዎች ስም ነበረ። በሁለቱም ወገን ጠንካራ ሰፈሮች የሌላው ፓርቲ ወኪል እየተባረረ ኮሮጆ ተሞልቷል። ከጣቢያ ወደ ምርጫ ክልል፣ ከዚያም ወደ ናይሮቢ ሲገለበጥ ቁጥሩ ተሳስቷል፤ አንዳንዱ ውጤት የተላለፈው በስልክ ቃል ብቻ ነው።

እኛ ሪፖርቱን እንደ ነጋዴ ነው ያነበብነው። ብዙ ሰው ሌባው ናይሮቢ አዳራሽ ውስጥ ነው ብሎ ነበር። ሪፖርቱ ግን ቀዳዳውን ከታች፣ ከሱቁ በር ላይ አሳየው። ቅርንጫፉ ደረሰኝ ካልቆረጠ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የቱንም ያህል ቢደምር ድምሩ ወሬ ነው።

በር ላይ የተለጠፈች ወረቀት

የድሮው ኮሚሽን ፈረሰ። በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። ሥልጣንና ገንዘብ ለ47 ካውንቲዎች ተከፈለ፤ ለፕሬዚዳንትነትም ከግማሽ በላይ ድምፅና ቢያንስ በ24 ካውንቲዎች ከመቶ 25 ማግኘት ግዴታ ሆነ። የተከፋ ሰው የሚሄድበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ በ14 ቀን ውስጥ መፍረድ አለበት። ተራውን የሚጠብቀው ሰው ቢሸነፍም በካውንቲው የሚበላ ነገር አገኘ ማለት ነው።

ቀላል ግን አልሆነም። በ2013 ብዙ ገንዘብ የወጣበት የአሻራ መሣሪያ በብዙ ጣቢያዎች ሥራ አቆመና በእጅ መዝገብ ተመረጠ። ኡሁሩ ከመቶ 50.07 አግኝተው አለፉ፤ ኦዲንጋ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም፣ ቅር እያላቸው ውሳኔውን ተቀበሉ። በ2017 ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የኮሚሽኑ የኮምፒውተር ሥርዓት ኃላፊ ክሪስ ምሳንዶ ተገድለው ተገኙ። የኡሁሩ ድል ከታወጀ በኋላ ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑ ሰርቨሮቹን እንዲከፍት አዘዘ፤ ኮሚሽኑ በሙሉ አልከፈተም። ሴፕቴምበር 1 ቀን በዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ችሎት 4 ለ2 ምርጫውን ሰረዘው። ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሰርዝ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። በድጋሚው ምርጫ ግን ኦዲንጋ አልገባም አሉ፤ የወጣው መራጭ ከመቶ 40 አልሞላም፤ ሰውም ሞተ። ፍርዱ ትክክል ሆኖ እንኳን ኪሳራው አልቀረም።

በ2022 ኮሚሽኑ ቅጽ 34ኤ የሚባለውን የየጣቢያውን የውጤት ወረቀት፣ ከ46,000 በላይ ጣቢያዎች የመጣውን፣ ማንም ሰው እንዲያየው ድረ ገጽ ላይ ለቀቀው። ወረቀቱ በጣቢያው በር ላይም ይለጠፋል። ጋዜጠኛው፣ ተማሪው፣ የፓርቲው ሰው እየደመረ አደረ። ኦገስት 15 ዊሊያም ሩቶ ከመቶ 50.49 አገኙ ሲባል፣ ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ይህን ውጤት አንቀበልም ብለው ወጡ። በ2007 ቢሆን አገር ይቃጠል ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ በሕዝብ እጅ ነው፤ ኮሚሽነሮቹ ቢጣሉ ወረቀቱ አይጣላም። ሴፕቴምበር 5 ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ውጤቱን አጸና።

ተፈወሰ ማለታችን አይደለም። በ2007ና በ2008 በሞቱት ጉዳይ ሄግ የተከፈቱት ክሶች ያለ ፍርድ ተዘጉ። ከ2022 በኋላ ደግሞ የኮሚሽኑ ወንበሮች ከሁለት ዓመት በላይ ባዶ ሆነው ቆዩ። ወረቀት እምነትን አይተካም፤ እምነት ሲጎድል ግን ሰው የሚይዘው ነገር ይሰጣል።

እኛም ሸቀጥ የምንቀንሰው አገሩን ንቀን አይደለም። ከምርጫው ሁለት ወር በፊት አዲስ ዱቤ አንሰጥም፣ ቀብድ አንከፍልም፣ የሱቅ መዝገባችንን ቅጂ ሌላ ቦታ እናስቀምጣለን። ከደንበኛ ጋር ስለ ዕጩ አንከራከርም። ወጣቶቻችንም ይህን ይያዙ።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። ከሱቃችን ፊት ለፊት አትክልት የምትሸጥ ጎረቤት አለችን፤ «ማማ ምቦጋ» እንላታለን። በ2008 ከናኩሩ በለበሰችው ልብስ ብቻ የወጣች ናት። በ2022፣ ቆጠራው እንዳለቀ፣ በመረጠችበት ጣቢያ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አነሳች። በማግስቱ የልጃችንን ስልክ ተውሳ ድረ ገጹ ላይ ያንኑ ጣቢያ አስፈለገች። ቁጥሩን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አመሳከረች። ልክ ነው። ውጤቱ ሲነገር የመረጠችው ሰው ተሸነፈ። ያን ዕለት ብዙ አላወራችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ሱኩማ ዊኪዋን ደርድራ፣ ውሃ እየረጨች አገኘናት።